መጠገን ይቅደም ወይስ ማሻሻል? ለፎር ባይ ፎር ባለቤቶች የምርጫ መመሪያ

ሁለት የፎር ባይ ፎር ባለቤቶች ሲገናኙ ወሬው ብዙም ሳይቆይ መኪናው ሥር ይገባል። ምን ጎማ አስገባህ? ሞላውን ስንት ከፍ አስደረግከው? ዊንቹስ ገመዱን እየጠቀለለ ስንት ይስባል? ምክር ሞልቷል። ችግሩ ሰው ሲመክር የሚያወራው ስለራሱ መኪና መሆኑ ነው። የእሱ መኪና ባዶውን አሸዋ ላይ የሚውል፣ የእናንተ ደግሞ ሰውና ዕቃ ጭኖ ድንጋያማ ዳገት የሚወጣ ከሆነ፣ ሞዴላቸው አንድ መሆኑ ብዙም አይረዳም።

ስለዚህ የባለቤት ልምድ ስትሰሙ ሦስት ነገር ጠይቁ። ዕቃው ከተገጠመ ስንት ኪሎ ሜትር ሄደ? መኪናው በአብዛኛው ምን ያህል ይጭናል? ከተገጠመ ወዲህ ሌላ ምን ተበላሸ? እኔ በጣም የምወደው የመጨረሻውን ነው። መኪና ላይ በነፃ የሚሻሻል ነገር የለማ! ትልቅ ጎማ ስታስገቡ ሸክሙ ወደ ፍሬን፣ ወደ ኩሽኔታና ወደ ፍሪሲዮን ይሄዳል። መኪናውን ከፍ ስታደርጉ ወደ መሪና ወደ ትራስሚሲዮን ይሄዳል። ከዚህ በታች አማራጮቹን ሳነጻጽር ጥቅሙን ብቻ ሳይሆን ዳፋው ለየትኛው ዕቃ እንደሚተርፍም አያለሁ።

ከመግዛት በፊት

«መሪው ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ሞላ ልቀይር» የሚል ሰው አይጠፋም። ሞላው ላይሆን ይችላል። የፊት ጎማውን በክሪክ ከመሬት አንሱና መኪናውን በደንብ ደግፉት። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙት። ከተነቃነቀ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥላችሁና ደግማችሁ ሞክሩ። ፍሬን ሲረገጥ መነቃነቁ ከጠፋ ኩሽኔታው ላልቷል። ካልጠፋ ጥፋቱ ያለው ከኩሽኔታው ወደ ውስጥ፣ ቦል ጆይንቱ አካባቢ ነው። አሁን ደግሞ ግራና ቀኙን ይዛችሁ ወዝውዙ። እዚህ ላይ ብቻ የሚነቃነቅ ከሆነ የመሪ ዘንጎቹን መገጣጠሚያዎች ተመልከቱ።

እንደ ላንድ ክሩዘር 70 እና 80 ያሉ፣ የፊት አክስላቸው ወጥ የሆነ መኪኖች ላይ የጎማውን ውስጠኛ ገጽም እዩ። ቀጠን ያለ ጥቁር ግሪስ ከተረጨበት የአክስሉ «ኦይል ሲል»፣ ማለትም ዘይት የሚያግደው የጎማ ቀለበት፣ አልቋል። የዲፈረንሺያሉ ዘይት ወጥቶ ከግሪሱ ጋር ተቀላቅሏል ማለት ነው። እንዲህ ያለ መኪና ላይ ትልቅ ጎማ መግጠም ጉዳቱን ማፋጠን ነው። መጀመሪያ ኦይል ሲሉ ይቀየር፣ ኩሽኔታው ታጥቦ በአዲስ ግሪስ ይታሸግ።

ሙሉ ዕቃ መቀየር ወይስ ውስጡን ማደስ?

ጥሩ ምሳሌው ሞተሪኖ ነው። ባትሪው ጤነኛ ሆኖ ቁልፍ ስታዞሩ «ጠቅ» ብቻ ብሎ ዝም የሚል የቶዮታ ሞተሪኖ ብዙ ጊዜ የሞተ አይደለም። ዴንሶ የሚሠራቸው እነዚህ ሞተሪኖዎች ውስጥ ኃይሉን የሚያገናኙ ሁለት የመዳብ ቁርጥራጮች አሉ። እነሱ ተበልተው ቀጥነዋል። አንዱ ከሌላው ቀድሞ ስለሚያልቅ ሞተሪኖው አንዳንዴ ይነሣል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል። መዳቦቹን መቀየር ሙሉ ሞተሪኖ ከመግዛት በእጅጉ ይቀላል። ለዚያውም በርካሽ የተሠራ አዲስ ሞተሪኖ ከታደሰው ኦሪጅናል ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል።

የፍሬን ካሊፐርም ሲሊንደሩና ፒስተኑ ካልዛጉ በጎማ ማኅተሞቹ ኪት ይታደሳል። ዝገት ከጀመረው ግን አትድከሙ፣ ቀይሩት። ኩሽኔታ ደግሞ ይታጠባል፣ ይታያል፣ ጤነኛ ከሆነ ግሪስ ተደርጎበት ይመለሳል። በጥፍር ስትዳስሱት የሚይዝ ጭረት ካለው፣ ወይም በሙቀት ሰማያዊ ከሆነ ሥራው አብቅቷል። ሲቀየርም ከነውጭ ቀለበቱ ነው። አሮጌ ቀለበት ላይ አዲስ ኩሽኔታ ማስገባት ብር መጣል ነው።

ኦሪጅናል፣ የአቅራቢው ወይስ ተመሳሳይ?

ገበያው ላይ ሦስት ዓይነት ዕቃ አለ። የመኪናው ፋብሪካ ስም ያለበት ኦሪጅናል፣ ለዚያው ፋብሪካ በሚያቀርበው ድርጅት ሳጥን የሚሸጠው፣ እና ሌላ ድርጅት አስመስሎ የሚሠራው።

ለብዙ ነገር የመሃለኛው ብልህ ምርጫ ነው። አይሲን ፍሪሲዮንና የውሃ ፓምፕ፣ ዴንሶ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች፣ ኮዮ ኩሽኔታ፣ ኬዋይቢ አሞርዛተር ለጃፓን መኪና ፋብሪካዎች ሲያቀርቡ የኖሩ ስሞች ናቸው። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ሳጥኑ ላይ ነው። ግን ታዋቂ ስም አስመሳይም ይበዛበታል። የታተመው ጽሑፍ ከደበዘዘ፣ ኩሽኔታው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከሳጥኑ ካልገጠመ አትግዙ።

ኦሪጅናሉን ብቻ የምመርጥባቸው አሉ፦ ኦይል ሲል፣ ተርሞስታት፣ የታይሚንግ ቀበቶ። ትንንሽ ዕቃዎች ናቸው፣ ሲበላሹ ግን ትልቁን ይዘው ይሄዳሉ። 1ኤችዜድ የተባለው ባለ 6 ሲሊንደር የቶዮታ ናፍጣ ሞተር በጽናቱ የተመሰገነ ነው። እሱም ቢሆን የታይሚንግ ቀበቶ አለው። ቀበቶው በ100,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ መቀየር አለበት። ያ ሁሉ ጽናት በአንድ ጎማ ቀበቶ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ሲበላሽ መንገድ ላይ የማያስቀር ከሆነ ምንም አይደለም። የጭቃ መከላከያ፣ የበር እጀታ፣ የመብራት ሽፋን። ያገለገለ ዕቃስ? የካምቢዮ ቤት፣ የአክስል ቤት፣ በርና ኮፈን በደስታ ግዙ። ፍሬን፣ የመሪ መገጣጠሚያና ከላስቲክ የተሠራ ማንኛውንም ነገር ግን ከአሮጌ መኪና ፈትቶ መግጠም አይገባም።

ጎማ፦ የመጀመሪያው ማሻሻያ

ያለው ተጠግኖ ካለቀ፣ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ ብባል ጎማ እላለሁ። መሬት የሚነካው እሱ ብቻ ነው።

ዋናው ምርጫ በኤቲ እና በኤምቲ መካከል ነው። ኤቲ የሚባለው ለሁሉም ዓይነት መንገድ የተሠራ ነው። ኤምቲ ደግሞ ለጭቃ ነው፤ ጥርሶቹ ትልልቅና የተራራቁ ስለሆኑ ሲሽከረከር ጭቃውን እየወረወረ ራሱን ያጸዳል። ዋጋውን የምትከፍሉት አስፋልት ላይ ነው። ይጮኻል፣ ይከብዳል፣ ነዳጅ ይበላል። እርጥብ አስፋልት ላይም ከኤቲ ያነሰ ይይዛል። ከሩቅ ሲያዩት ደረቱን የነፋ መኪና ያስመስላልና ብዙ ሰው የሚገዛው ለመልኩ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። በተደጋጋሚ ጥልቅ ጭቃ ውስጥ የማትገቡ ከሆነ ኤቲ ይበቃል። አሸዋ ላይማ ኤምቲ ይበልጥ የመቆፈር ጠባይ አለው።

ሁለተኛው ጥያቄ መጠን ነው። ሒሳቡ ጎማው ላይ ተጽፏል። 265/70አር16 ጎማ ቁመቱ 777 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 285/75አር16 ደግሞ 834 ይሆናል። የ57 ሚሊ ሜትር ልዩነት አለ። ከመሬት ከፍ የምትሉት ግን በግማሹ፣ በ28 ሚሊ ሜትር ነው። በምላሹ ዳሽቦርዱ 100 ሲል እናንተ 107 ላይ ናችሁ። ማርሹም በዚያው መጠን ይረዝማል፤ ዳገት ላይ መኪናው ይደክማል። ኃይሉ አነስ ያለ ሞተር ከሆነ የዲፈረንሺያሉን ጥርስ ካልቀየራችሁ በቀር ትማረራላችሁ።

ሰፊ ወይስ ቀጭን? 235/85አር16 ቁመቱ 806 ሚሊ ሜትር ሲሆን ስፋቱ 235 ብቻ ነው። ቁመት ይሰጣል፣ የጭቃ መከላከያውን ብዙም አይነካም፣ መሪውንም አያከብድም። ስስ ጭቃ ሰንጥቆ ጠንካራውን መሬት ያገኛል። ለረጅም ጉዞ የሚዘጋጅ ሰው ይህን ምርጫ እንዳይንቀው።

ካላማዳሪያ ያለው ጎማ ይሻላል ወይስ የሌለው? ካላማዳሪያ ያለውን ጎሚስታ በሌለበት በፌሮና በሙጫ መጠገን ይቻላል። ነፋስ ቀንሳችሁ አሸዋ ውስጥ ስትገቡ ግን ጎማው ቸርኬው ላይ ተንሸራቶ የነፋስ መሙያውን አፍ ይቆርጠዋል። ካላማዳሪያ የሌለው ሚስማር ሲገባበት ቶሎ አይተነፍስም። ከሚረግጠው ገጽ በኩል ከተበሳ ሳይፈታ በወፍራም የጎማ ክር ይደፈናል። ጎኑ ከተቀደደ ግን ስኮርታ አውጡ። እኔ ካላማዳሪያ የሌለውን ከጥሩ ኮምፕረሰር ጋር እመርጣለሁ። ኮምፕረሰር ያለው ሰው ነው አሸዋ ላይ ነፋሱን ከ35 ወደ 18 ፒኤስአይ ለማውረድ የማይሳሳው። ከማንኛውም ማሻሻያ የበለጠ መኪና ከአሸዋ የሚያወጣው ይህ ነው። ከ15 በታች ከወረዳችሁ ግን መሪ በኃይል አትጠምዝዙ፤ ጎማው ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል።

ሞላና አሞርዛተር

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ወጥ አክስል ያለው መኪና ላይ ረጅም ሞላ ስትገጥሙ ከፍ የሚለው ሻንሲው ነው። ዲፈረንሺያሉ የነበረበት ነው። ድንጋይ የሚመታው ደግሞ ዲፈረንሺያሉ! እሱን ከፍ የሚያደርገው ጎማ ብቻ ነው። ረጅም ሞላ የሚጠቅመው ትልቁ ጎማ እንዲገባ ቦታ ለመስጠት፣ አካሉን ለማራቅና ጭነት ለመሸከም ነው።

50 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከፍ ማድረግ በአብዛኛው መኪና ላይ ብዙ ጣጣ የለውም። ከዚያ ሲያልፍ ሒሳቡ ይመጣል። ወጥ አክስል ላይ የፊት ጎማው መሪ ሲጠመዘዝ የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ ዘንበል የሚልበት ማዕዘን ይዛባና መሪው ቀጥ ብሎ አልሄድ ይላል። አክስሉም ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። የፍሬን ቱቦው ሊያጥር ይችላል። የፊት ጎማዎቹ ለየብቻ በሚንቀሳቀሱ መኪኖች ላይ ደግሞ ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰው የሲቪ ዘንግ በማይመች ማዕዘን ስለሚሠራ ላስቲኩ ቶሎ ይቀደዳል። አቧራ ገባ ማለት ዘንጉ አለቀ ማለት ነው።

ጥንካሬው የሚመረጠው ሁልጊዜ መኪናው ላይ በሚኖረው ክብደት ነው። በዓመት አንዴ ለምትጭኑት ጭነት ከባድ ባሌስትራ ከገጠማችሁ፣ ቀሪውን ጊዜ መኪናው ይዘላል። የሚዘል ጎማ ደግሞ መሬት አይዝም። ጭነቱ አልፎ አልፎ ከሆነ መካከለኛ ሞላ ከውስጥ ከሚገባ የነፋስ ከረጢት ጋር ይሻላል። ባሌስትራ ላይ ግን የነፋስ ከረጢት አክስሉና ሻንሲው መሃል ስለሚቀመጥ ኃይሉን ሻንሲው አንድ ነጥብ ላይ ያሳርፋል። ከመጠን በላይ ጭኖ በነፋስ ቀና ያደረገ ፒካፕ ሻንሲው ሲታጠፍ የታየው ለዚህ ነው።

አሞርዛተር ሁለት ዓይነት ነው። ባለ ሁለት ግድግዳው በዋጋ ይቀላል፣ ድንጋይ መትቶ ቢያጎደጉደው እንኳ ይሠራል። ባለ አንድ ግድግዳው ዘይቱ የውጩን ብረት ስለሚነካ በደንብ ይቀዘቅዛል፤ ረጅም ኮሮኮንች ላይ ቶሎ አይዝልም። ግን ውጩ ከተጎደጎደ ፒስተኑ ይጣበቃል። ድንጋይ ላይ ቀስ ብሎ ለሚሄድ የመጀመሪያውን፣ ኮሮኮንች ላይ ለሰዓታት ለሚነዳ ሁለተኛውን እመክራለሁ። ከረጅም ኮሮኮንች በኋላ ቁሙና እጃችሁን ሳታስነኩ መጀመሪያ አስጠግታችሁ የአራቱን ሙቀት ለኩ። ሦስቱ ግለው አንዱ ከቀዘቀዘ፣ ያ የቀዘቀዘው አይሠራም። አሞርዛተር የሚግለው ሥራ ሲሠራ ነው።

መገጣጠሚያዎቹ ውስጥ የሚገባው ጎሚኒስ? ፖሊዩረቴን የተባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ከተራው ላስቲክ ይጠነክራል፣ ዘይትም አይበላውም። ግን ይጮኻል፣ ንዝረት ያስተላልፋል፣ አክስሉ እንደልቡ እንዳይጠማዘዝም ይይዛል። የአክስል ክንዶች ላይ ኦሪጅናሉን የላስቲክ ጎሚኒ አስገቡ። ማረጋጊያ ዘንጉ ላይ ፖሊዩረቴን ቢሆን ችግር የለውም።

የዲፈረንሺያል መቆለፊያ

ተራ ዲፈረንሺያል ለሁለቱ ጎማዎች እኩል ኃይል ነው የሚሰጠው። አንዱ አየር ላይ ከተንጠለጠለ መሬት የያዘውም ከእሱ የበለጠ አያገኝም። አዳዲስ መኪኖች የሚሽከረከረውን ጎማ በፍሬን እየያዙ ይህን ያቃልላሉ። ለአብዛኛው ነጂ ይበቃል። ግን ጎማው መጀመሪያ መሽከርከር አለበት፣ ረጅም ዳገት ላይም ፍሬኑ ይግላል።

ሁለቱን ጎማዎች አንድ ላይ የሚያዞረውን መቆለፊያ መግጠም ከወሰናችሁ፣ በነፋስ የሚሠራው፣ ለምሳሌ በ1975 የተመሠረተው የአውስትራሊያው ኤአርቢ የሚሸጠው፣ ጠንካራ ነው። በዚያው ኮምፕረሰር ጎማ መሙላትም ይቻላል። ደካማ ጎኑ ቀጭኗ የነፋስ ቱቦ ናት። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ለመግጠም ይቀላል፣ ጠላቱ የተበላ ሽቦ ነው። ሳይታዘዝ በራሱ የሚቆልፈው ርካሽና ቀላል ነው፤ አስፋልት ላይ ግን ሲታጠፉ ይንቋቋል፣ ያንገራግራል። መኪናው የዕለት መጓጓዣችሁም ከሆነ አልመክረውም። አንድ ብቻ የምትገጥሙ ከሆነ ከኋላ ይሁን። ዳገት ላይ ክብደቱ ያለው እዚያ ነው። የፊቱ ከተቆለፈ በኋላ መሪ ጠምዝዞ ነዳጅ መርገጥ ሲቪ ዘንግ ይሰብራል።

ዊንች ወይስ አካፋ?

ብቻውን አሸዋ ላይ የሚጓዝ ሰው ዊንቹን ከምን ጋር ያስረዋል? ዛፍ የለ፣ ሌላ መኪና የለ። ለእሱ አካፋ፣ ኮምፕረሰርና ጎማ ሥር የሚነጠፉ ሳንቃዎች ከዊንች ይበልጣሉ። ጭቃ፣ ጫካና ገደላማ መንገድ ላይ ግን ዊንች አቻ የለውም።

ጉልበቱ የመኪናው ሙሉ ክብደት አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን። ጭነቱን ጨምሮ 3,000 ኪሎ ለሚመዝን መኪና 4,500 ኪሎ፣ ማለትም ወደ 10,000 ፓውንድ። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ጉልበት ገመዱ ተተርትሮ ከበሮው ላይ የታችኛው ንብርብር ብቻ ሲቀር የሚገኘው ነው። ገመዱ በተደራረበ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል። መዘውር ከጨመራችሁ ደግሞ ወደ እጥፍ ይጠጋል። መዘውር ለሌለው ትልቅ ዊንች ከመጓጓት መካከለኛውን ከመዘውር ጋር ግዙ።

የሽቦ ገመድ ድንጋይ ላይ መፈግፈግን ይችላል፣ ፀሐይም አይጎዳውም። ሲበጠስ ግን ተወንጭፎ ሰው ይገድላል። የሰው ሠራሽ ክር ገመድ ቀላል ነው፣ ሲበጠስ ብዙም አይወነጨፍም፣ መንገድ ላይም ጠልፎ መቀጠል ይቻላል። ጠላቱ ሙቀት፣ ፀሐይና ስለታም ድንጋይ ነው። እኔ ክሩን እመርጣለሁ። ግን ሽቦ ሲጎትት በኖረ ሮለር ላይ አታሳልፉት። ሽቦው ብረቱን ጭሮ ስለት አውጥቶበታል፤ ለስላሳ የአልሙኒየም መውጫ ቀይሩለት።

አንድ ነገር ከምርጫ ውጭ ነው፦ ተጎታች የሚታሰርበት የኳስ መንጠቆ ላይ የመጎተቻ ገመድ አታስሩ። ኳሱ ተነቅሎ እንደ ጥይት ወጥቶ ሰው ገድሏል።

ቀሪዎቹ ባጭሩ

ስኖርክል ወይስ የአክስል መተንፈሻ ቱቦ? ሁሉም የሚጠይቀው ስለ ስኖርክል፣ ማለትም ሞተሩ ከፍ ካለ ቦታ አየር እንዲስብ ስለሚያደርገው ቱቦ ነው። ሞተሩ ውሃ ከሳበ ቢዬላው፣ ማለትም የፒስተኑ ዘንግ፣ ይታጠፋል፣ ስለዚህ ጥልቅ ውሃ የሚሻገር ያስፈልገዋል። የአየር ማጣሪያው ሳጥን ካልታሸገ ግን ጌጥ ነው። መተንፈሻው ርካሽ ሆኖ ሳለ ይረሳል። የጋለ አክስል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በመተንፈሻው ወይም በኦይል ሲሉ በኩል ውሃ ይስባል። ቱቦውን እስከ ሞተሩ ክፍል አስረዝሙት። ከመሻገር በኋላ የዲፈረንሺያሉን ማፍሰሻ ጥቂት ላላ አድርጋችሁ ዘይቱን እዩ። ወተት ከመሰለ ሳታድሩ ቀይሩት።

ሁለተኛ ባትሪ ለፍሪጅ ካስፈለጋችሁ፣ የድሮ መኪና ላይ ተራ ማገናኛ ሪሌይ ይበቃል። ዲናሞው በኮምፒውተር የሚታዘዝ አዲስ መኪና ላይ ግን ቮልቴጁን አስተካክሎ የሚሞላ ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር ያስፈልጋል። ሊቲየም ባትሪ ሙቀት ስለማይወድ ኮፈን ሥር አታስቀምጡት።

ያለ ተርቦ በተሠራ የናፍጣ ሞተር ላይ ተርቦ መጨመር? የጭስ ሙቀት መለኪያ ሳትገጥሙ አታስቡት። እኔ ብሆን ብሩን ለራዲያተር አውለው ነበር።

ፓራውልት፣ ፖርቶመጋላና የጣሪያ ድንኳን የሚመረጡት በክብደት ነው። የብረት ፓራውልት ይጠገናል፣ ይበየዳል፤ አልሙኒየሙ ይቀላል፣ ሲጎዳ ግን በቀላሉ አይቃናም። ኤርባግ ላለው መኪና ከኤርባጉ ጋር እንዲሠራ የተፈተነውን ብቻ ግዙ። ጣሪያ ላይ የሚወጣ እያንዳንዱ ኪሎ መኪናውን ለመገልበጥ ያቀርባል። አምራቹ ለጣሪያው የፈቀደው መጠን ውስጥ የፖርቶመጋላው የራሱ ክብደትም ይቆጠራል።

ሞላ ከማዘዛችሁ በፊት መኪናውን ነዳጅ ሞልታችሁ፣ ሰውና ዕቃ ጭናችሁ ሚዛን ላይ አውጡት። ፊቱና ኋላው ለየብቻ ይመዘን። ቁጥሩን በሩ አጠገብ ወይም ኮፈን ሥር ከተለጠፈው የፋብሪካው ወሰን ጋር አስተያዩት። ካለፈ፣ ከሞላው በፊት የሚወርድ ዕቃ አለ። ካላለፈ፣ ሞላ ሻጩ የሚጠይቃችሁ የመጀመሪያ ጥያቄ ያ ቁጥር ነው። ሳይጠይቅ የሚሸጥላችሁ ከሆነ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።